ግርማ ይፍራሸዋ፦ የክላሲካል ፒያኖ ተጫዋችና መምህር የሙያ ጉዞ

ግርማ ይፍራሸዋ በክላሲካል ፒያኖ ተጫዋችነት፣ በሙዚቃ ደራሲነትና በመምህርነት የሚታወቁ ኢትዮጵያዊ የጥበብ ባለሙያ ናቸው። የአውሮፓን ታላላቅ የሙዚቃ ደራሲዎች ሥራዎች በተለያዩ አገሮች መድረኮች ላይ ያቀረቡ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ቅኝቶች ላይ የተመሠረቱ የፒያኖ ድርሰቶችንም አበርክተዋል። በአዲስ አበባ በሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ተማሪ፣ በኋላም መምህር ነበሩ።

ይህ ጽሑፍ የባለሙያውን የሕይወት ጉዞ፣ የሥራዎቻቸውን ባሕርይና የሙያውን ምንነት ያብራራል። በመጨረሻም በሙያው ለመሠማራት ለሚፈልጉ ዜጎችና ለወላጆች ጠቃሚ የሆኑ ነጥቦች ቀርበዋል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ከተለዩት በስተቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ፒያኖ በኢትዮጵያ፦ አጭር ዳራ

ፒያኖ ለኢትዮጵያ ከውጭ የመጣ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ዘመናዊ የሙዚቃ ትምህርት በአገሪቱ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት ክስተቶች አንዱ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1924 ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱበት ወቅት ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ ማስመጣታቸው ነው። «አርባ ልጆች» በመባል የሚታወቁት እነዚህ ወጣቶች በሙዚቃ መሪያቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን ሥር በማርሽ ባንድነት አገልግለዋል። ከእነርሱም በኋላ በኖታ የመጻፍና የማንበብ ልምድ በጦር ሠራዊትና በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍሎች፣ እንዲሁም በቴአትር ቤቶች እየተስፋፋ ሄዷል።

በፒያኖ ዘርፍ ቀዳሚ ስፍራ ከሚሰጣቸው ኢትዮጵያውያን መካከል እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ይገኙበታል። በ1923 በአዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላም በካይሮ ሙዚቃ ተምረዋል። በኋላ ምንኩስናን መርጠው በግሸን ማርያም ቆይተዋል፤ የኋለኛውን ዘመናቸውን ደግሞ በኢየሩሳሌም አሳልፈው በ2023 አርፈዋል። የመጀመሪያው የፒያኖ ሸክላቸው በ1967 በጀርመን የታተመ ሲሆን፣ ገቢውም ለችግረኛ ልጆች መርጃ ውሏል።

በ1960ዎቹ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መቋቋም ለሙያው ተቋማዊ መሠረት ጥሏል። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር የሙዚቃ ተመራማሪውና ደራሲው አሸናፊ ከበደ ነበሩ። የቡልጋሪያ መንግሥት ለትምህርት ቤቱ ድጋፍ ያደረገ ሲሆን፣ ይህ ግንኙነት ለብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በቡልጋሪያ የመማር ዕድል ከፍቷል። በአሁኑ ጊዜ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። በትምህርት ቤቱ ፒያኖን፣ ቫዮሊንንና የትንፋሽ መሣሪያዎችን ከመሳሰሉት ጎን ለጎን ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና ይሰጣሉ።

ከክራር ወደ ፒያኖ

ግርማ ይፍራሸዋ በ1960 ዓ.ም. (በጥቅምት 1967) በአዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው የተጫወቱት የመጀመሪያው የሙዚቃ መሣሪያ ክራር ነበር። ከፒያኖ ጋር የተዋወቁት በ16 ዓመታቸው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ሆነው ሲገቡ ነው።

ይህ ዕድሜ በክላሲካል ፒያኖ ዓለም እንደ ዘገየ ይቆጠራል። በአውሮፓ ለመድረክ የሚታሰብ ልጅ በአብዛኛው ትምህርቱን የሚጀምረው ከአምስት እስከ ስምንት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ የጣቶች ፍጥነት፣ የሁለቱ እጆች ነጻነትና ኖታን ወዲያው አንብቦ የመጫወት ችሎታ በእነዚያ ዓመታት ይገነባሉ። ዘግይቶ የሚጀምር ተማሪ የጎደለውን የሚሞላው በረጅም ሰዓታት ልምምድና በመምህር የቅርብ ክትትል ነው።

በሌላ በኩል፣ ከክራር የተነሣ ሙዚቀኛ ባዶ እጁን አይመጣም። ክራር ተጫዋች አውታሮቹን በጆሮው እየለካ ከቅኝት ወደ ቅኝት ይቃኛል፤ ስለዚህ በድምፆች መካከል ያለውን ርቀት ለይቶ ማወቅን ገና ከጅምሩ ይለማመዳል። ፒያኖ ተጫዋች ግን የሚጫወተው አስቀድሞ ሌላ ባለሙያ በቃኘው መሣሪያ ነው።

ትምህርት በሶፊያ

ግርማ በያሬድ የጀመሩትን ትምህርት ካጠናቀቁ በኋላ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው በቡልጋሪያ ዋና ከተማ በሶፊያ በሚገኘው የመንግሥት የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ገቡ። ዛሬ ብሔራዊ የሙዚቃ አካዳሚ ተብሎ የሚጠራው ይህ ተቋም በ1904 የተመሠረተ ሲሆን፣ የሚጠራውም በስመ ጥሩው የሙዚቃ ደራሲ፣ የፒያኖ ተጫዋችና መምህር በፓንቾ ቭላዲገሮቭ ስም ነው። ቭላዲገሮቭ የቡልጋሪያን ባህላዊ ዜማዎችና የጭፈራ ምቶች ወደ ፒያኖና ወደ ኦርኬስትራ ያመጡ ደራሲ ናቸው። የአገርን ዜማ በኮንሰርት መድረክ ቋንቋ መጻፍ በዚያች አገር የተለመደና የተከበረ ሥራ ነበር።

የኮንሰርቫቶሪ የፒያኖ ትምህርት ማዕከሉ የግል ክፍለ ጊዜ ነው። ተማሪው በሳምንት ለተወሰነ ሰዓት ከአንድ መምህር ጋር ብቻውን ይቀመጣል፤ የተመደበለትን ድርሰት ይጫወታል፤ መምህሩም የእጅ አቀማመጥን፣ የድምፅ ጥራትን፣ የፔዳል አጠቃቀምንና የሐረጎችን አከፋፈል ያርማል። ከዚህ ጎን ለጎን የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ፣ ሐርመኒ፣ የሙዚቃ ታሪክና የጆሮ ሥልጠና ይሰጣሉ። በየጊዜው በሚደረገው ፈተና ተማሪው ረጃጅም ድርሰቶችን ያለ ኖታ፣ በቃሉ ይዞ በገምጋሚዎች ፊት ያቀርባል።

የተቋረጠው ትምህርትና የጣሊያን ቆይታ

ግርማ በሶፊያ በነበሩበት ወቅት የምሥራቅ አውሮፓ የፖለቲካ ሥርዓት ተለወጠ። በኅዳር 1989 የቡልጋሪያ የረጅም ጊዜ መሪ የነበሩት ቶዶር ዚቭኮቭ ከሥልጣን ወረዱ፤ አገሪቱም ወደ ከባድ የኢኮኖሚ ሽግግር ገባች። በቀድሞው ሥርዓት ስምምነት የመጡ የውጭ አገር ተማሪዎች ሁኔታ አስተማማኝነቱን አጣ። የግርማ ትምህርትም በዚሁ ለውጥ ምክንያት ተቋረጠ።

በዚህ ጊዜ ወደ ጣሊያን ተሻግረው በስደት ቆዩ። ለፒያኖ ተማሪ እንዲህ ያለው መቋረጥ ከሌላው ተማሪ ይልቅ ይከብዳል። መጽሐፍ በሻንጣ ይያዛል፤ ፒያኖ ግን አይያዝም። ያለ መሣሪያ ያለፈ ወር ደግሞ በጣቶች ቅልጥፍና ላይ ወዲያው ይታያል። በጣሊያን የክርስቲያን ወንድሞች የተባለው የካቶሊክ ማኅበር ድጋፍ አድርጎላቸው ወደ ሶፊያ ተመልሰው ትምህርታቸውን ለማጠናቀቅ በቁ፤ በፒያኖም የማስተርስ ዲግሪ አገኙ።

በእነዚያ ዓመታት በቡልጋሪያና በጣሊያን መድረኮች የሞዛርትን፣ የሹማንን፣ የሾፓንንና የደቡሲን ሥራዎች አቅርበዋል። ከእነዚህ ደራሲዎች እያንዳንዱ ከተጫዋቹ የተለየ ነገር ይፈልጋል። ሞዛርት አንዲትም ስሕተት የማትደበቅበትን ጥራት፣ ሾፓን እንደ ሰው ድምፅ የሚዘምር ዜማን፣ ሹማን ፈጣን የስሜት መለዋወጥን፣ ደቡሲ ደግሞ በፔዳል የሚደባለቁ የድምፅ ቀለሞችን ይጠይቃሉ።

መምህርነት በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት

ግርማ በ1995 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ማስተማር ጀመሩ፤ እስከ 2001 ድረስም በዚሁ ሥራ ቆዩ። በተጨማሪ በለንደን በሚገኘውና በ1822 በተመሠረተው ሮያል አካዳሚ ኦቭ ሚዩዚክ፣ እንዲሁም በጀርመን በላይፕሲግ በሚገኘው የሙዚቃና የቴአትር ከፍተኛ ትምህርት ቤት ዕውቀታቸውን አዳብረዋል። የላይፕሲጉ ተቋም በ1843 በሙዚቃ ደራሲው በፊሊክስ ሜንደልስዞን የተመሠረተ ነው።

ከውጭ አገር የተማረ የፒያኖ ባለሙያ ወደ አገሩ ተመልሶ ማስተማሩ ያለውን ፋይዳ ለመረዳት የፒያኖ ዕውቀት የሚተላለፍበትን መንገድ መገንዘብ ያስፈልጋል። ኖታ የትኛው ቁልፍ መቼ እንደሚነካ ይነግራል። ክንድ ምን ያህል ክብደት እንደሚለቅ፣ አንጓ እንዴት እንደሚላላ፣ አንድ ዜማ የት ላይ እንደሚተነፍስ ግን በወረቀት ላይ ሙሉ በሙሉ አይሰፍርም። ይህ የሚተላለፈው መምህሩ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ ሲያሳይ ነው። በዚህ ረገድ የፒያኖ ትምህርት ከመሪጌታ አጠገብ ተቀምጦ ዜማ ከመቀጸል ጋር ይመሳሰላል፦ ምልክቱ ተጽፎ ቢገኝም ዜማው የሚወረሰው ከአፍ ነው። የትምህርት ዕድል ያገኘ ሁሉ በዚያው በውጭ ቢቀር ግን የሚቀጥለው ተማሪ ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው ለመጀመር ይገደዳል።

ግርማ ከ2001 ወዲህ ዋና ትኩረታቸውን በኮንሰርትና በድርሰት ሥራ ላይ አድርገው፣ በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ተጫውተዋል።

ድርሰቶቻቸው

በ2014 «ላቭ ኤንድ ፒስ» (ፍቅርና ሰላም) በሚል ርዕስ በአሜሪካው አሳታሚ «አንሲን ወርልድስ» የወጣው አልበም የግርማን የፒያኖ ድርሰቶች ለዓለም አቀፍ አድማጭ ያስተዋወቀ ሥራ ነው። ከሥራዎቻቸው መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል፦

• «አምባሰል»፦ ስሙን ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ከአንዱ የወሰደ ድርሰት።
• «ሰመመን»፦ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለውን ሁኔታ በሚገልጽ ቃል የተሰየመ ሥራ።
• «ጨዋታ»፦ ወግንም፣ ጫወታንም፣ ሙዚቃ መጫወትንም በሚያመለክት ቃል የተሰየመ ሥራ።
• «እልልታ»፦ የደስታንና የምስጋናን ድምፅ በርዕሱ የያዘ ድርሰት።
• «ዘ ሼፐርድ ዊዝ ዘ ፍሉት»፦ ርዕሱ «እረኛው ከዋሽንቱ ጋር» ማለት ሲሆን፣ የገጠሩን እረኛና የዋሽንቱን ዜማ የሚያስታውስ ሥራ።

በኮንሰርቶቻቸው እነዚህን ድርሰቶች ከአውሮፓውያን ደራሲዎች ሥራዎች ጎን ለጎን ያቀርባሉ። በዚህም አድማጩ ሾፓንንና አምባሰልን በአንድ ምሽት፣ በአንድ መሣሪያና በአንድ የአጨዋወት ጥራት ለመስማት ይችላል።

የኢትዮጵያ ቅኝቶች በፒያኖ ላይ

አብዛኛው የኢትዮጵያ ዜማ በአምስት ድምፆች ላይ የተገነባ ነው። አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ከዶ በመነሣት በተለመደው የኖታ አጠራር ሲቀመጡ፦

• ትዝታ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ
• ባቲ፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ
• አምባሰል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት
• አንቺ ሆዬ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ

ትዝታና ባቲ ከዚህ በተጨማሪ አንዳንድ ድምፆቻቸው ዝቅ ያሉባቸው ሌሎች ዓይነቶች አሏቸው።

እነዚህን ቅኝቶች በፒያኖ ለመጫወት የሚነሣ ደራሲ ሦስት ችግሮች ይገጥሙታል። የመጀመሪያው የቃና ጉዳይ ነው። ፒያኖ 88 ቁልፎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ስምንዮሽ ወይም ኦክታቭ በ12 እኩል እርከኖች ተከፍሏል። በባህላዊ መሣሪያዎች ላይ ግን አንድ ድምፅ እንደ ተጫዋቹና እንደ አካባቢው ልማድ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። በሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቅ ድምፅ በፒያኖ አይገኝም።

ሁለተኛው የድምፅ ቆይታ ነው። በፒያኖ ድምፅ የሚፈጠረው መዶሻ አውታርን ሲመታ ነው፤ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮም እየደከመ ይሄዳል። ዋሽንትና ማሲንቆ ግን ድምፅን አራዝመው፣ አንቀጥቅጠውና ከአንዱ ወደ ሌላው አንሸራተው ይጫወታሉ። ፒያኖ ተጫዋቹ ይህን የሚተካው ከዋናው ድምፅ በፊት በሚገቡ አጫጭር ጌጦች፣ በፍጥነት በሚደጋገሙ ድምፆችና በፔዳል አማካይነት ነው።

ሦስተኛው የሐርመኒ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ባህላዊ ዜማ በአብዛኛው በአንድ መስመር የሚሄድ ሲሆን፣ የአውሮፓ ፒያኖ ሙዚቃ ግን በርካታ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያሰማል። የአውሮፓ ኮርድ ያለ ጥንቃቄ ቢታከልበት የቅኝቱ ጠባይ ይጠፋል። ስለዚህ ደራሲው አጃቢውን ድምፅ በአብዛኛው ከቅኝቱ ከራሱ ድምፆች ይመርጣል፤ የግራ እጁንም እንደ ክራር ግርፍ ወይም እንደ ከበሮ ምት ሊጠቀምበት ይችላል።

የሙያው ገጽታ

የክላሲካል ፒያኖ ተጫዋች ሥራ ከመድረክ ውጭ የሚያልቅ ሥራ ነው። ለአንድ ሰዓት ተኩል ኮንሰርት የሚሆን ዝግጅት የብዙ ወራት ዕለታዊ ልምምድ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ ለኮንሰርት የሚበቃ ፒያኖ ያላቸው አዳራሾች ጥቂት በመሆናቸው፣ በመድረክ ገቢ ብቻ መተዳደር አስቸጋሪ ነው። በዚህም ምክንያት ማስተማር፣ መድረስና መቅረጽ የሙያው መደበኛ ክፍሎች ናቸው።

መሣሪያው ራሱም እንክብካቤ ይሻል። አንድ ፒያኖ 230 ገደማ አውታሮች ያሉት ሲሆን፣ የእነዚህ አጠቃላይ ውጥረት 18 ቶን ያህል ይደርሳል። የእንጨቱ ክፍል በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ድርቀት ይኮማተራል፤ ስለዚህ ቅኝቱ ይዛባል። ፒያኖ በዓመት ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በባለሙያ መቃኘት ይኖርበታል።

ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለሙያው ባለቤቶች ጠቃሚ ነጥቦች

1. የመጀመሪያ ዕድሜ፦ በልጅነት መጀመር ይመረጣል። ሆኖም በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚጀምር ተማሪ በሙያው ሊገፋ እንደሚችል የግርማ ይፍራሸዋ ተሞክሮ ያሳያል።

2. ባህላዊ መሣሪያ፦ ፒያኖ ያላገኘ ልጅ ክራር፣ ማሲንቆ ወይም ዋሽንት በመማር ጆሮውንና የምት ስሜቱን ሊያዳብር ይችላል። ይህ ወደፊት ለሚማረው መሣሪያ ሁሉ መሠረት ይሆነዋል።

3. የመለማመጃ መሣሪያ፦ ኪቦርድ የሚገዙ ወላጆች 88 ሙሉ ቁልፎች ያሉትንና ቁልፎቹ እንደ ፒያኖ ክብደት ያላቸውን ቢመርጡ ይመከራል። ቀላል ቁልፍ ባለው ኪቦርድ ብቻ የተለማመደ እጅ በፒያኖ ላይ ይቸገራል።

4. መደበኛ ትምህርት፦ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን የመግቢያ መስፈርትና የምዝገባ ጊዜ በተመለከተ ትክክለኛው መረጃ የሚገኘው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። አመልካቾች ከመመዝገባቸው በፊት የዓመቱን ማስታወቂያ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

5. ከውጭ አገር የተገኘ የትምህርት ማስረጃ፦ በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ባለሙያዎች በመንግሥት ተቋም ለመቀጠር የማስረጃቸውን አቻ ግምት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሊጠየቁ ይችላሉ። ትምህርታቸው በመካከል የተቋረጠባቸው ተማሪዎችም እስከዚያ ድረስ የወሰዷቸውን ትምህርቶች ውጤት የሚያሳይ ማስረጃ ከተቋማቸው ተቀብለው መያዝ ይገባቸዋል፤ ትምህርቱን በዚያው ወይም በሌላ ተቋም ለመቀጠል መነሻ የሚሆናቸው ይህ ሰነድ ነውና።

6. የደራሲ መብት፦ የሙዚቃ ድርሰት በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል። ቅኝት የሕዝብ ሀብት በመሆኑ ማንም በግሉ ሊይዘው አይችልም፤ በቅኝቱ የተደረሰው አዲስ ሥራ ግን የደራሲው ነው። ስለ ሥራዎች ምዝገባ መረጃ የሚሰጠው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

7. ኖታን ማስቀመጥ፦ ደራሲዎች ሥራዎቻቸውን በድምፅ ከመቅረጽ በተጨማሪ በኖታ ጽፈው ቢያስቀምጡ መብታቸውን ለማስረዳት ይረዳቸዋል። ከዚህም በላይ በኖታ የተጻፈ ድርሰት ደራሲው በሌለበትም በሌላ እጅ ሊጫወት፣ በትምህርት ቤትም ሊሰጥ ይችላል።